ለእማዬ 70ኛ ልደት ካርዱንና አልበሙን ለሠራችልን እህት

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ኅዳር 13 ቀን ነበር። ዘገየሁ። እማዬ አልበሙን ከአጠገቧ ስለማታርቀው እኔ ራሴ ገጾቹን በደንብ አይቼ የጨረስኩት ባለፈው እሁድ ነው። ሰው በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ አልበሙ ይወጣል፣ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀመራል። አራተኛው ገጽ ላይ ሳንደርስ በረካው ይቀዳል።

ስለ ልጅቷ ልንገራችሁ። ቤቷ ውስጥ፣ መስኮት ስር ባለች አንዲት ጠረጴዛ ላይ፣ በእጇ የልደት ካርድና የትዝታ አልበም የምትሠራ ወጣት ናት። ስክራፕቡክ የሚባለውን ማለቴ ነው። ፎቶው፣ ጽሁፉ፣ የጨርቅ ቁራጩ፣ የደረቀው አበባ፣ የድሮ ደረሰኝ ሳይቀር በአንድ ገጽ ተሰናድቶ ታሪክ የሚናገርበት አልበም። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። በወር ከአራት ትዕዛዝ በላይ አትቀበልም። ብዙ ሰው በአንዴ ከደወለላት ደግሞ እምቢ ማለት ይከብዳታል። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ዘንድሮ 70 ዓመት ሞላት። በእሷ ዕድሜ ያሉ ብዙ እናቶች የተወለዱበትን ቀን ቁርጥ አድርገው አያውቁትም። እማዬ ግን ታውቃለች። አያቴ “የጃንሆይ ኢዮቤልዩ ባለፈ ወር ሳይሞላው፣ በኅዳር ሚካኤል” እያለች ነው ያሳደገቻት። ጃንሆይ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት የተከበረው በጥቅምት 1948 ነው። ስለዚህ ልደቷ ኅዳር 12 ቀን 1948 ማለት ነው። ቀኑን እያወቅን ግን አንድም ጊዜ አክብረንላት አናውቅም። ዕለቱ የሚካኤል ንግሥ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያጨሳል። በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ የቆየው ኅዳር ሲታጠን ነው። እማዬ “እኔ የተወለድኩት ለጭስ ነው” ትላለች።

ታላቅ ወንድማችን ሜሪላንድ ነው ያለው፣ ታናሽ እህቴ ሪያድ። እኔና ታላቅ እህቴ እዚህ አዲስ አበባ ነን። ትልቅ ኬክ እናስጋግር ተባለ። ዘንድሮ ኅዳር 12 ዓርብ ዋለ፣ ስለዚህ ኬኩም የጾም ነው። እኔን ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። እማዬ ቁም ሳጥኗ ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አላት። የሕይወቷ ፎቶ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ጠርዙ እየተላጠ። ከጎኑ ደግሞ ላስቲኩ ተገልጦ ፎቶ የሚለጠፍበት፣ ድሮ በየቤቱ የነበረው ዓይነት አልበም አለ። እሱን ነገር አንድ መልክ ብናስይዘውስ አልኩ።

ፍርሃትም ነበረኝ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የአባዬን፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንዲት ጉርድ ፎቶ እንዲያሳድጉልን ለአንድ ማተሚያ ቤት ሰጠን። ዋናውን ፎቶ ላሚኔት አድርገው መለሱልን። እንዲቆይ ብለው ነው። በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ፎቶውን ሳይጎዳ አይላቀቅም። እማዬ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ነው የባሰብኝ።

ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ ስለዚህች ልጅ ስትነግረኝ ደውዬ መጀመሪያ የጠየቅኳት “ፎቶዎቹን ወስደሽ ነው የምትሠሪው?” ብዬ ነው። “አልወስድም፣ እኔ እመጣለሁ” አለችኝ።

መጣች። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስካነሯን በትልቅ ቦርሳ ይዛ። ጠረጴዛችንን በንጹህ አንሶላ ሸፈነችው። እጇን ታጥባ አደረቀች። እያንዳንዱ ፎቶ ከቆርቆሮው ይወጣል፣ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይነሳል፣ ስካን ይደረጋል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከእማዬ ዓይን የራቀ አንድም ፎቶ አልነበረም። 63 ፎቶ ነው። ስትጨርስ መሽቷል።

የላስቲኩ አልበም ላይ ያደረገችውን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሙጫው ከዘመን ብዛት ፎቶዎቹን ይዞ ድርቅ ብሏል። እኔ ብሆን በጥፍሬ እፈለቅቃቸው ነበር። እሷ የጥርስ ማጽጃ ክር አወጣች። ክሩን ከፎቶው ጥግ ስር አስገብታ እንደ መጋዝ ቀስ እያለች ወዲያና ወዲህ ትስበዋለች። አሥራ አንዱ አንድ ጭረት ሳይነካቸው ተላቀቁ። ሦስቱ እምቢ አሉ። አልታገለቻቸውም። እንደተለጠፉ ስካን አድርጋ “እነዚህን ተዋቸው፣ ከተገነጠሉ አይመለሱም” አለችን።

የጥቁርና ነጩ ፎቶ እንደነበረ ሆኖ የቀለሙ ለምን ቀይ ቀይ እንዳለም ጠየቅኳት። የጥቁርና ነጩ ምስል ከብር የተሠራ ስለሆነ ይቆያል፣ የቀለም ፎቶው ማቅለሚያ ግን በጊዜ ይደበዝዛል፣ ሁሉም ቀለም እኩል ስለማይደበዝዝ ነው የሚቀላው አለችኝ። በፎቶ ጀርባ በእስክሪብቶ እንዳንጽፍም አስጠነቀቀችን። ጫናው በፊት በኩል ይወጣል። ለስላሳ እርሳስ ብቻ፣ እሱንም ጠርዝ ላይ። ዋናዎቹን ፎቶዎች አልበም ላይ አትለጥፍም። አልበሙ ላይ የሚገባው ቅጂው ነው። ዋናዎቹን በየወረቀት ፖስታ አድርጋ ቆርቆሮውን አስተካክላ መለሰችልን።

እማዬ አልበም እንደሚሠራ አታውቅም ነበር። ለወንድሜ ፎቶ ልንልክለት ነው ብለናታል። ልጅቷ ግን ስካን እያደረገች ትጠይቃታለች። “እማማ፣ ይህቺ ከጎንዎ ያለችው ማን ናት?” “ይህ ቤት የት ነው?” “ያን ቀን ምን ነበር የበሉት?” የመጨረሻው ጥያቄ ገርሞኝ ነበር። ማነው ከ50 ዓመት በፊት የበላውን የሚያስታውስ? እማዬ ታስታውሳለች። ከምግቡ ተነስታ ሠርጉን፣ ከሠርጉ ተነስታ ጎረቤቱን፣ ከጎረቤቱ ተነስታ ሰምቼው የማላውቀውን ሁሉ ተናገረች። ልጅቷ በደብተር ትጽፋለች። እኔ ልጇ ሆኜ በ40 ዓመቴ ጠይቄያት የማላውቀውን የማታውቃት ልጅ በአንድ ቀን ጠየቀቻት። ለዚህ ብቻ እንኳ ባመሰግናት ተገቢ ነው።

ከቆርቆሮው ግርጌ አንድ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ነው። ዘመቻው በ1971 ሲጀመር እማዬ 23 ዓመቷ ነበር፣ ታላቅ እህቴን ታጠባ ነበር። ልጅ አዝላ ማታ ማታ ቀበሌ እየሄደች ነው ፊደል የቆጠረችው። ዛሬም ስትጽፍ እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ ነው የምታስቀምጣት። ልጅቷ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ይዛ አየችው። ምንም አላለችም። ያሰበችውን ያወቅነው በኋላ ነው።

አልበሙ 16 ገጽ ነው፣ በቁመትም በወርድም 30 ሳንቲ ሜትር። ሽፋኑ የታሰረው በእማዬ አሮጌ ነጠላ ጥለት ነው። ነጠላው ተበልቶ አልቆ ጥለቱ ብቻ ደህና ነበር፣ እህቴ ናት የሰጠቻት። የመጀመሪያው ገጽ በጣት የተቀደደ ግራጫ ወረቀት አለበት። ከታች ወፈር፣ ወደ ላይ ሳሳ እያለ ይሄዳል። ጭስ ነው። የኅዳር 12 ጭስ። ከመሃሉ የሕፃን እግር የምታክል “1948” ብቻ። ልብ የለ፣ ፊኛ የለ፣ ብልጭልጭ የለ። ብዙ በእጅ የተሠሩ አልበሞች አይቻለሁ፣ አብዛኞቹ ባዶ ቦታ ያስፈራቸዋል፣ ፎቶው በጌጥ ይዋጣል። እሷ መቼ መቀሱን ማስቀመጥ እንዳለባት ታውቃለች።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ስር ባዶ መስመር ትታለች። እንደ አንደኛ ክፍል ደብተር በቀጭኑ የተሰመረ። ከአልበሙ ጀርባ ደግሞ አንድ እርሳስ በክር ታስሯል። “ታሪኩን እኔ ጽፌው ነበር” አለችኝ ስታስረክበኝ፣ “ግን የምስክር ወረቀቱን ካየሁ በኋላ አጠፋሁት። እማማ ራሳቸው ይጻፉት።”

እማዬ መጀመሪያ እምቢ አለች። እጄ ይንቀጠቀጣል አለች። በሦስተኛው ቀን ማታ መነጽሯን አድርጋ አገኘኋት። በሠርጓ ፎቶ ስር “ጫማው የሰው ነበር” ብላ ጽፋለች። ሦስት ቃል። ያን ፎቶ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ፣ ጫማውን ግን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር።

ካርዶቹንም ላንሳ። ከእያንዳንዳችን አንድ አንድ ካርድ ነበር። ሪያድ ያለችውን እህቴን በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ በገዛ እጇ እንድትጽፍ፣ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም እንድትልክ ነገረቻት። ያንኑ ጽሁፍ ወፍራም ካርድ ላይ አተመችው። እማዬ ስትከፍተው የልጇ የእጅ ጽሁፍ ነው። ፊደሉን ዳሰሰችው።

የልጆቹን ካርድ ራሳቸው ልጆቹ ናቸው የሠሩት። ልጄንና የእህቴን ሁለት ወንዶች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ተቀበለቻቸው። መስከረም ላይ ለቅማ በከባድ መጽሐፍ መሃል ያደረቀችው አደይ አበባ ነበራት፣ ቢጫው አልደበዘዘም። ወፍራም ወረቀት ዝም ብሎ ከታጠፈ ጠርዙ እንደሚሰነጠቅ አሳየቻቸው። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ መስመሩን ጫን አድርጎ ማስመር፣ ከዚያ ማጠፍ። የኮላ ውሃው ወረቀት እንደሚያጨማድድም ነገረቻቸው፣ ትንሽ ነጥብ ብቻ ይበቃል። ልጄ አሁን ቤት ውስጥ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ እያሰመረች ታጥፋለች።

ይህን ሥራ የት እንደተማረች ጠይቄያት ነበር። “ለእንቁጣጣሽ ስዕል ስዬ ሰፈር ስዞር ነው የጀመርኩት” አለችኝ። ከወንድሞቿ ጋር መልአክና አበባ በባለቀለም እርሳስ ስለው ለየጎረቤቱ ይሰጡ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ነው የሚስሉት። እሷ ዶሮ ለሚያረቡት ጎረቤት ዶሮ ትስል ነበር። ገባኝ።

ለማዘዝ ለምታስቡ እውነቱን ልንገራችሁ። ርካሽ አይደለም። እኛ ለአልበሙ 9,500 ብር ከፍለናል፣ ካርዱ አንዱ 350 ብር ነው። ጥሩ ወረቀት፣ አሲድ የሌለበት የሚባለው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። የጋዜጣ ወረቀት በጊዜ እንደሚቢጫው እንዳይሆን ብላ በሌላ አትተካውም። ከተባለው ቀንም አራት ቀን ዘግይታለች፣ ግን ሳምንት ሲቀራት ደውላ ነግራናለች። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት አናግሯት።

አንድ ስህተትም ነበር። የወንድሜ የክርስትና ፎቶ ጀርባ ላይ “ሴፕቴምበር 1982” የሚል ማህተም አለ። እሷ 1982ን እንዳለ ገጹ ላይ ጻፈችው። በእኛ መስከረም 1975 መሆኑ ነው። እማዬ ወዲያው ነቃች። “ልጄን በሰባት ዓመቱ ነው እንዴ ክርስትና ያነሳሁት? በ40 ቀኑ ነው እንጂ!” ብላ ተነሳች። ልጅቷ ስትሰማ በጣም ደነገጠች። በማግስቱ አዲስ ገጽ ሠርታ መጣች፣ ጥለቱን ፈትታ ቀየረችው፣ መልሳ አሰረችው። ሳንቲም አልተቀበለችም። ገጾቹን በሙጫ ሳይሆን በጥለት ያሰረቻቸው ለካ ለዚህም ነው። የልጅ ልጅ ሲመጣ ገጽ ይጨመራል አለችን።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እጅሽ ይባረክ። አባዬን ላሚኔት ከተደረገው ፎቶ ላይ እንኳ ነጸብራቁን አጥፍተሽ አውጥተሽልናል፣ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነው። እማዬ ከስሩ እስካሁን ምንም አልጻፈችም። ሌላውን ሁሉ እየሞላች ነው፣ እሱን እያሳለፈች።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ደወለችልኝ። ዳቦ ግዢ፣ ወተት ግዢ ትለኛለች ብዬ ነበር። “ከሱቅ መቅረጫ ይዘሽልኝ ነይ” አለችኝ።