የ3ኤል ቴስታታ ፍለጋ በሶማሌ ተራ፦ ገበያው፣ ሱቆቹና ቶርኖ ቤቱ

መኪናዬ ኤል ኤን 106 በሚል የሞዴል ቁጥር የሚታወቀው ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ሲሆን፣ ሞተሩ 3ኤል የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,779 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ነው። ባለፈው የካቲት ከጎጃም ጤፍ ጭኜ ስመለስ፣ ከደጀን ወርጄ የዓባይን ድልድይ ከተሻገርኩ በኋላ ወደ ጎሃ ጽዮን በሚያወጣው ዳገት አጋማሽ ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከወትሮው ቦታ ተነሥቶ ወደ ቀዩ ሲቃረብ አየሁ። ዳር ይዤ ሞተሩ እስኪበርድ ብጠብቅም፣ ውሃ ሞልቼ ሳስነሣው በራዲያተሩ አፍ አረፋ፣ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣ ጀመር። መኪናው ተጎትቶ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሜካኒኬ ቴስታታውን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውንና ቫልቮቹን የያዘውን የሞተር ክፍል፣ ሲያወርደው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል የሚነጠፈው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ተገኘ፤ በሁለተኛው ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች መካከል ደግሞ በዓይን የሚታይ ስንጥቅ ነበረ። የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ባለመጫሩ ፒስተንና ፋሻ መቀየር አላስፈለገኝም። የጎደለኝ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴርሞስታት፣ የውሃ ፓምፕና የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) ስለነበር፣ እነዚህን ፍለጋ አራት ቀን ሙሉ መርካቶ ሶማሌ ተራ ተመላለስኩ። እዚያ ያየሁትን በዝርዝር የምጽፈው፣ እንደኔ በአሮጌ ፒካፕ የሚተዳደር ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይጠቅመዋል ብዬ ስለማምን ነው።

ሶማሌ ተራን በአንድ ነገር ያለ ማመንታት አመሰግናለሁ፤ ዕቃው አለ። ከ30 ዓመት በላይ ላስቆጠረ ሞተር አዲስ ቴስታታ፣ ያገለገለ ቴስታታ፣ የቫልቭ ጎማ፣ ካንዴሌታ፣ የነዳጅ ፖምፓ መጠገኛ ጓርኒሲዮን ድረስ በአንድ ጠዋት በእግር ተዘዋውሮ ማግኘት የሚቻልበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ዕቃው በሱቁ የሌለው ነጋዴ ልጁን ልኮ ከጎረቤት ያስመጣል፤ የተፈታ ሞተር ከፊቱ የደረደረው ሰውም አንድ ብሎን እንኳ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ይነግራል። ዋጋው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ጨምሯል፤ በአንዱ ሱቅና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ለተመሳሳይ ዕቃ በጣም ሰፊ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ቢያንስ አምስት ቦታ ሳይጠይቁ መክፈል አይገባም እላለሁ።

ወደ ገበያው የሚሄድ ሰው ከገንዘቡ እኩል የዕቃውን ቁጥር መያዝ አለበት። «የቶዮታ ፒካፕ ናፍጣ ቴስታታ» ብሎ መጠየቅ፣ ሻጩ በእጁ ያለውን እንዲሰጥ መጋበዝ ነው፤ ምክንያቱም 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች በመሆናቸው በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው በሲሊንደሩ ስፋት ይታያል፤ 2ኤል 92 ሚሊ ሜትር፣ 3ኤል 96፣ 5ኤል ደግሞ 99.5 ናቸው። የቶዮታ የዕቃ ቁጥር በሰረዝ የተለያዩ ሁለት አምስት አምስት አሃዞች ያሉት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፤ 11101 ቴስታታ፣ 11115 የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ 16100 የውሃ ፓምፕ ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ 54 የሚለው ቁጥር ሲመጣ ዕቃው የኤል ሞተር ቤተሰብ መሆኑ ይታወቃል። እኔ የፈለግሁት ቴስታታ 11101-54131 ነበርና ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ይዤ ስቀርብ፣ የነጋዴዎቹ አነጋገር ወዲያው ሲለወጥ አስተዋልኩ። «የ2ኤሉ ይገጥምልሃል፣ ወንድሜ» ማለታቸውን ትተው፣ አለኝ ወይም የለኝም ወደሚል አጭር መልስ ገቡ።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አላዳነኝም። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የቴስታታ ጓርኒሲዮን በካርቶኑ ላይ ትክክለኛው ቁጥር የታተመበት፣ ሽፋኑም ንጹሕና አዲስ ነበር፤ ሻጩም ኦሪጅናል መሆኑን ደጋግሞ አረጋገጠልኝ። ጋራዥ ወስጄው ሜካኒኬ ከብሎኩ ላይ ሲያነጥፈው፣ የእያንዳንዱ ቀዳዳ የብረት ቀለበት ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ሾልኮ ይታያል። በካሊብሮ ስንለካው የቀዳዳው ስፋት 93 ሚሊ ሜትር ተኩል ሆነ፤ የጓርኒሲዮን ቀዳዳ ከሲሊንደሩ በጥቂቱ መስፋት ሲገባው ይህ ከ96 ያነሰ ነበርና፣ በ3ኤል ካርቶን ውስጥ የገባው የ2ኤል ጓርኒሲዮን መሆኑ በዚያ ተረጋገጠ። ሳይለካ ታስሮ ቢሆን ኖሮ፣ ቀለበቱ በቃጠሎው እሳት ግሎ ይበላሽ ነበር፤ ቴስታታውም እንደገና ይወርድ ነበር። ወደ ሱቁ ስመልሰው የተነገረኝ «ካርቶኑ ከተከፈተ አንመልስም» የሚል ብቻ ነው፤ ደረሰኝም ብጠይቅ አልሰጡኝም። ካርቶን ሳይከፈት የውስጡ ዕቃ የማይታይ በመሆኑ ይህ አሠራር ለገዢ ምንም መውጫ አይተውለትም፤ ይህን በግልጽ መኮነን ይገባል። ከዚያ ወዲህ ክፍያ ከመፈጸሜ በፊት አሮጌውን ዕቃ ይዤ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስተያየዋለሁ፤ ካሊብሮዬም ከኪሴ አይለይም። ሁለተኛውን ጓርኒሲዮን የሸጡልኝ ሽማግሌ ነጋዴ ግን ካርቶኑን ራሳቸው ከፍተው፣ «ለካው፣ ልጄ፤ ካልገጠመም መልሰው» ብለው ደረሰኝ ጻፉልኝ። ዋጋቸው ከመጀመሪያው ሱቅ ከፍ ያለ ቢሆንም በደስታ ከፈልኩ።

ስለ ቴስታታው ለረጅም ጊዜ ያመነታሁት አዲስ ወይስ ያገለገለ በሚለው ላይ ነው። ያገለገለው ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ያህል ስለተጠየቀበት ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ሆኖም ቀብድ አስይዤ፣ ቴስታታው በግፊት ተፈትሾ ካለፈ ብቻ ቀሪውን እንድከፍል ከሻጩ ጋር ተስማማሁና የሞተር ብረት በማሽን ወደሚሠራበት ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። እዚያ የውሃ መተላለፊያዎቹን በብረትና በጎማ ዘግተው፣ በአንዱ ቀዳዳ አየር ነፍተው፣ በሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ አጠለቁት። ለአፍታ ያህል ምንም አልታየም፤ ብረቱ ሙቀቱን ሲቀበል ግን በሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቮች መካከል እንደ ስንዴ ፍሬ ያነሱ አረፋዎች በተርታ እየተከታተሉ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። በደረቁ ታጥቦ ሲታይ ያ ቦታ እንከን አልነበረውም። ይህ ሞተር ሲግል ቴስታታው በቫልቮቹ መካከል የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው፣ ከሌላ መኪና የወረደ ቴስታታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የወረደበት ምክንያት ስለሚኖረው፣ ያለ ግፊት ፍተሻ ያገለገለ መግዛት አልመክርም። ሻጩ ቀብዴን ሳያጓትት መለሰልኝ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ማኒፎልድ፣ የዲናሞ ማሰሪያ፣ የቫልቭ ክዳንና የመሳሰለውን ግን ያገለገለ መግዛት ምንም አይጎዳም፤ እኔም የተሰነጠቀ የቴርሞስታት ቤቴን በዚሁ መንገድ ቀይሬያለሁ።

በመጨረሻ አዲስ ባዶ፣ ማለትም ቫልቭ ያልተገጠመለት፣ ቴስታታ ገዝቼ ወደዚያው ቶርኖ ቤት ተመለስኩ። በአራቱ ቀናት ካገኘሁት አገልግሎት ሁሉ የላቀው የእነርሱ ነው። ቫልቮቹን ከአሮጌው ፈትተው፣ የሚያገለግሉትንና የማያገለግሉትን ለይተው፣ በመቀመጫቸው ላይ ካለሰለሷቸው በኋላ ቴስታታውን ገልብጠው በየመተላለፊያው ላምባ ሞሉበት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀመጥ አንዱ ቫልቭ ዙሪያውን ረጠበ፣ ሌሎቹ ደረቅ ሆነው ቆዩ። የረጠበውን ሳልነግራቸው ፈትተው እንደገና ሠሩት። ጉድለታቸው የቀጠሮ ነው፤ «ነገ» ያሉኝ ሥራ ሦስት ቀን ወስዷል፤ መኪናው ለቆመበትና ገቢው ለተቋረጠበት ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ስለ ቴርሞስታቱ ለየብቻ መናገር እፈልጋለሁ። ብዙ ሜካኒኮች ሞተር ሲግል መጀመሪያ የሚያደርጉት ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው፤ የእኔም መኪና ከእኔ በፊት በነበረው ባለቤት ዘመን ይህ ተደርጎበት እንደነበር ያወቅሁት የቴርሞስታቱ ቤት ሲከፈት ባዶ ሆኖ በመገኘቱ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ከታች ሁለተኛ ክዳን አለው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ላይኛው ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ታችኛው ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን፣ ከሞቀው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ በሜዳ ላይ ባይታወቅም በረጅም ዳገት ላይ ጭነት ሲከብድ ጉዳቱ ይወጣል። አዲሱን ከመግጠሜ በፊት ቤት ወስጄ በክር አንጠልጥዬ በድስት ውሃ ውስጥ አፈላሁት፤ ቴርሞሜትሩ በላዩ ወደተቀረጸው 82 ዲግሪ ሲደርስ መከፈት መጀመሩን ካየሁ በኋላ ነው ያመንኩት። የራዲያተሩንም ክዳን አብሬ ቀየርኩ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ማለትም በ2,400 ሜትር ገደማ፣ ውሃ በክፍት ዕቃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይይዝ ክዳን ያለው መኪና በደጋ አገር ዳገት ላይ ለመፍላት በጣም ቅርብ ነው። ክዳን ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነበር።

ሦስት ሻጮች ከዚህ ሁሉ ድካም ሙሉ 5ኤል ሞተር ብገዛ እንደሚሻለኝ መክረውኝ ነበር። ሞተሩ 2,986 ሲሲ በመሆኑ ጉልበቱ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን የሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ፣ የጉምሩክ ሰነዱ ያልተሟላ ሞተር መግጠም በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ባለቤቱን ለከባድ ችግር ይዳርጋል። ሰነዱን አሳዩኝ ስላቸው ከሦስቱ ሁለቱ ወሬውን ለወጡት፤ እኔም በዚያው ተውኩት።

በአገጣጠሙ ላይ ሜካኒኬ የቴስታታውን ብሎኖች ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ መፍቻ አጥብቋል፤ ጋራዡ መፍቻው ስላልነበረው ከሌላ ጋራዥ በኪራይ እስክናመጣ ግማሽ ቀን ጠብቀናል። የታይሚንግ ቺንጋውንም፣ በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር የሚገባው ስለሆነና ቴስታታው ወርዶ ሳለ ለመቀየር ስለሚቀል፣ ከነመወጠሪያው አዲስ አደረግን።

መኪናው ከወጣ ወዲህ ያንኑ ዳገት ሦስት ጊዜ ጤፍ ጭኜ ወጥቻለሁ፤ መርፌው ጎሃ ጽዮን እስክደርስ ከመሃል አልፎ አያውቅም፣ የራዲያተሩም ውሃ አልጎደለም። ለዕቃ መገኘት ሶማሌ ተራን፣ ለሥራ ጥራት ቶርኖ ቤቱን ለማንም እጠቁማለሁ። ጓርኒሲዮኑን ለሸጠልኝ የመጀመሪያው ሱቅ ያወጣሁት ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰልኝም፤ ባለ 93 ሚሊ ሜትር ተኩሉ ጓርኒሲዮንም ከነካርቶኑ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ሜካኒኬ 3ኤል ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ያሳየዋል።