ባለጌጅ የጋዝ ሬጉሌተር ከነቱቦው፦ ሬጉሌተሩን ያዙ፣ ቱቦውን ተዉት

ጅማ ውስጥ ጋዝ በመስመር ወደ ቤት አይገባም፤ የሚመጣው በሲሊንደር ነው። ስለዚህ የቤቱ የጋዝ መስመር ማለት ከሲሊንደሩ መዘውር እስከ ምድጃው ያለችው አጭር መንገድ ናት። የቤት ዕቃ ሱቆች በአንድ ካርቶን አሽገው የሚሸጡት ይህ ዕቃም ለዚችው መንገድ የተሠራ ነው። በውስጡ የግፊት ጌጅ ያለው ሬጉሌተር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ፣ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ሁለት የሽቦ ማሰሪያና አንድ ትርፍ ጎሚኒ አለ። ሬጉሌተሩ ጥሩ ነው። ቱቦውና ማሰሪያው ግን ማድ ቤት መግባት የለባቸውም።

ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት እንደ ጋዙ ቅልቅልና እንደ ቀኑ ሙቀት ከ1 እስከ 8 ባር ገደማ ይደርሳል። የቤት ምድጃ የሚፈልገው 30 ሚሊባር፣ ማለትም 0.03 ባር ብቻ ነው። 5 ባር የያዘ ሲሊንደር ግፊቱ ከ160 ጊዜ በላይ መቀነስ አለበት ማለት ነው፤ ይህን የሚሠራው ሬጉሌተሩ ነው። ስትገዙ አካሉ ላይ የተቀረጸውን የመውጫ ግፊት አንብቡ። 28 ወይም 30 ሚሊባር የሚል ከሆነ ለቤት ነው። ግፊቱን በእጅ እያዞሩ የሚጨምሩበት ዓይነት ለምግብ ቤት ትልልቅ ምድጃ የተሠራ ስለሆነ ቤት አታስገቡት። የሲሊንደር አፍ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አሮጌውን ሬጉሌተር ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተያዩ። በቴፕና በማስቲሽ የሚገጠም ሬጉሌተር ልኩ አይደለም።

ጌጁን ሻጮች «ስንት ጋዝ እንደቀረ ያሳያል» ይላሉ። ይህ ስህተት ነው። ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ ብዙም አይለወጥም፤ መርፌው የሚወርደው ጋዙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። የቀረውን ማወቅ የፈለገ ሲሊንደሩን ይመዝን፤ ባዶ ክብደቱ አንገቱ አካባቢ ተቀርጿል፣ ልዩነቱ ጋዙ ነው።

የጌጁ እውነተኛ ጥቅም ፍሳሽ መፈተሽ ነው፤ ለዚህም ብቻ ቢሆን መግዛቱ ያዋጣል። የምድጃውን ቁልፎች ሁሉ ዝጉ። የሲሊንደሩን መዘውር ከፍታችሁ መርፌው የቆመበትን ምልክት አድርጉ። ከዚያ መዘውሩን መልሳችሁ ዝጉና 10 ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ካልተነቃነቀ ከመዘውሩ እስከ ምድጃው ቁልፍ ድረስ ፍሳሽ የለም። ከወረደ አንዱ መገጣጠሚያ ያፈስሳል፤ የሳሙና አረፋ በስፖንጅ እየቀባችሁ ፈልጉት። ክብሪት ይዞ መፈለግ ፈጽሞ አይሞከርም። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ይህን ድገሙ፣ ጎሚኒውንም በጥፍር ተጭናችሁ እዩ። ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ትርፉን አስገቡ። የፈተሻው ውጤት ትክክል እንዲሆን ሲሊንደሩ ከፀሐይ የገባ መሆን የለበትም፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ መርፌው በራሱ ይወርዳል።

ሬጉሌተሩ ላይ ያለችው የምትጫን ቁልፍ ቱቦው ድንገት ቢቆረጥ ወይም ቢነቀል ጋዙን የሚያቆመው ክፍል መክፈቻ ናት። ጠቃሚ ነች፤ ግን ክፍሉ የሚዘጋው ብዙ ጋዝ በአንዴ ሲወጣ ብቻ ነው። በመርፌ ቀዳዳ የሚያፈስሰውን አያውቀውም፤ እሱም ግን እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ቱቦው ለምን ይጣላል? የሚያሳየው ፕላስቲክ በጋዙና በምድጃው ሙቀት ልስላሴውን ያጣል፣ ይደርቃል፣ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። በምትኩ ውስጡ በክር የተጠናከረ፣ ላዩ ላይ ለኤልፒጂ (ለሲሊንደር ጋዝ) መሆኑና የተመረተበት ዓመት የታተመበት የጎማ ቱቦ ግዙ። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይለፍ፣ በምድጃው ጀርባም አይዙር። ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ካስቸገረ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ አለስልሱት፣ ዘይት አትቀቡት። የአፍንጫውን ቀለበቶች ሁሉ አልፎ እስከ መጨረሻው ይግባ። የሽቦ ማሰሪያው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሚጫን ቱቦውን ይቆርጠዋል፤ በካቻቪቴ የሚጠብቅ ሰፊ ፋሸታ አድርጉ፤ ጎማው እስኪያብጥ አታጥብቁት። ስታጥፉት ስንጥቅ ካሳየ ያኔውኑ ቀይሩት፤ ባያሳይም ከ5 ዓመት በላይ አይቆይ።

አደጋ በመፍራት ሲሊንደሩን ደጅ፣ ለሌባ ተብሎ በሚቆለፍ የብረት ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ቱቦውን በግድግዳ ቀዳዳ ማሳለፍ የተለመደ ነው። ሐሳቡ ልክ ነው፣ አሠራሩ ግን አይደለም፤ በግድግዳ የሚያልፈው የመዳብ ወይም የብረት ቧንቧ መሆን አለበት፣ ጎማ እዚያ ሲቆረጥ አይታይም። የብረት ሳጥኑም ከታች በኩል ክፍት ይሁን፤ ይህ ጋዝ ከአየር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ መሬት ላይ ይተኛል። የጅማ ክረምት እርጥብ ነው፤ ሲሊንደሩን ከሲሚንቶው ከፍ አድርጋችሁ እንጨት ላይ አቁሙት፣ አለበለዚያ ከታች ይዝጋል። በባጃጅ ስታመጡትም ቆሞ ይምጣ።

ዘመድ ከውጭ የላከው ምድጃ ካላችሁ ይህ ሬጉሌተር ብቻውን አይበቃም። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ምድጃ ጋዝ የምትተፋው የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ ሰፊ ነው፤ በሲሊንደር ጋዝ ሲነድ ነበልባሉ ረዝሞ ቢጫ ይሆናል፣ ድስት ያጠቁራል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያወጣል። ብሎኖቹ ለኤልፒጂ በተሠሩት ይቀየሩ፤ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት።

ከዚህ ዕቃ ጎን አንዳንዴ የጋዝ ማስጠንቀቂያ ይሸጣል። ለሚቴን (ለተፈጥሮ ጋዝ) የሚል ከሆነ ለሲሊንደር አይሆንም። ለኤልፒጂ የሆነውን ደግሞ ጣሪያ ላይ አትስቀሉት፤ ከወለል 30 ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ ግጠሙት። ሲጮህ ወይም ጋዝ ሲሸት መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፤ መዘውሩን ዝጉ፣ በር ክፈቱ፣ ውጡ፣ ስልክ የምትደውሉት ደጅ ሆናችሁ ነው።