አማሪሊስ፣ ግላዲዮለስ ወይስ ቱሊፕ? ለአዲስ አበባ ቤት የቱ ይገዛ?

ቀጥታውን ልናገር፦ ያላችሁ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ብቻ ከሆነ አማሪሊስ ግዙ። ፀሐይ የሚያገኝ መደብ ካላችሁና አበባ ቆርጣችሁ ሳሎን ማስቀመጥ የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ግላዲዮለስ። ቱሊፕን ቆይቼ እመለስበታለሁ። ሦስቱም ሽንኩርት ከሚመስል ራስ ይበቅላሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የምጽፈው አዲስ አበባንና መሰል ደጋ ከተሞችን አስቤ ነው፤ ቆላ ያላችሁ ሒሳቡ ይለወጥባችኋል።

አማሪሊስ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ለማበብ ብርድ አይጠይቅም። ስትገዙ ውፍረቱን እዩ። ዙሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ራስ ብዙ ጊዜ ሁለት አገዳ ያወጣል፤ በእያንዳንዱ ላይ አራት ያህል ትልልቅ አበባ ይፈነዳል። ስለዚህ ሁለት ቀጫጭን ከመግዛት አንድ ወፍራም ይሻላል። ማሰሮው ከራሱ ሁለት ጣት ያህል ቢሰፋ ይበቃል፤ ከታች ግን ቀዳዳ ይኑረው። ከላይ ሲሶው ከአፈር ውጭ ይቅር። ሙሉ በሙሉ የሚቀብሩት ሰዎች አሉ፤ አንገቱ ውሃ ይዞ ይበሰብስባቸዋል። ቡቃያው እስኪታይ ውሃ ቆጥቡ፤ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ውስጥ ያብባል።

ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። አበባው ሲረግፍ አገዳውን ብቻ ቁረጡ፤ ቅጠሉን አትንኩ። የሚቀጥለውን አበባ ስንቅ የሚያከማችለት እሱ ነው። ቅጠሉ ለወራት ፀሐይና ኮምፖስት ካገኘ በኋላ ውሃ ከልክሉትና ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይረፍ። እንዲህ የተያዘ ራስ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ያብባል።

ግላዲዮለስ አንድ ራስ ተክሎ የሚረኩበት አይደለም፤ አንዱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው አንድ አገዳ ነው። አስር አስራ አምስት ገዝታችሁ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ትተክላላችሁ። የምወድለት ቀን የሚቆጠርለት መሆኑን ነው። ከተተከለ ከ70 እስከ 100 ቀን ባለው ጊዜ ያብባል፤ መስከረም መጨረሻ ላይ የተተከለ ለገና ሊደርስ ይችላል። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ከተከላችሁ ደግሞ አበባው አይቋረጥም። የታችኞቹ ሁለት እምቡጦች ቀለም ሲያሳዩ በጠዋት ቁረጡት፤ የቀሩት ውሃ ውስጥ ወደ ላይ እየተከተሉ ይፈነዳሉ። አራት ያህል ቅጠል ግን መሬት ላይ ተዉለት።

እንከኑ? ረጅም ስለሆነ ነፋስ ይጥለዋል፤ የሸምበቆ ድጋፍ ይፈልጋል። ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ካያችሁ ትሪፕስ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ሽንኩርት አምራቾች በደንብ ያውቁታል።

አሁን ቱሊፕ። አንዴ ከአምስተርዳም የመጣልኝን እሽግ እንዳለ ተከልኩት፤ ያገኘሁት ቅጠል ብቻ ነበር። ቱሊፕ አገዳውን አስረዝሞ እንዲያብብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቆየት አለበት። የአዲስ አበባ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፤ ያን ያህል የሚዘልቅ ቅዝቃዜ የለንም። ያለው አማራጭ ፍሪጅ ነው፤ እዚያም ከፖምና ከሙዝ ጋር አይቀመጥም፤ ከፍራፍሬው የሚወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ውስጥ ያለውን እምቡጥ ያበላሸዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ቢያብብም በዓመቱ መልሶ ያብባል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም፤ ስጦታ ከመጣ ግን ፍሪጅ ውስጥ ቦታ አላጣለትም።

ግቢያችሁ ውስጥ ሁሌ የሚረጥብ ጥግ ካለ ደግሞ ነጩን ካላ ሊሊ አስቡ። ሳይንሳዊ ስሙ «ኤቲዮፒካ» ቢልም የእኛ አይደለም፤ አገሩ ደቡባዊ አፍሪካ ነው። ስሙ ሲወጣ አውሮፓውያን «ኢትዮጵያ» ሲሉ ሰፊውን የአፍሪካ ምድር ማለታቸው ነበር።

ሻጩ ጋ ስትደርሱ ገበያ ላይ ሽንኩርት እንደምትመርጡት አድርጉ፦ በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ በእጅ መዝኑት፣ ከሥሩ በኩል ሻጋታ እንዳለው እዩ። ለስላሳም ቀላልም ከሆነ ተዉት። ግላዲዮለስ ላይ ከሰፊና ጠፍጣፋው ይልቅ መሐሉ ጎላ ያለውን ምረጡ። ቤት ስታስገቡት ግን ከወጥ ቤቱ ሽንኩርት ለዩት፤ ስሙንም ጽፋችሁ ለጥፉበት። በተለይ የአማሪሊስ ራስ ላይኮሪን የሚባል የሚያስታውክ መርዝ አለው፤ ውሻና ድመትም እንዳይደርሱበት።