የቢኤምኤክስ የኋላ ሞዞ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የቢኤምኤክስ ብስክሌት ባለ 20 ኢንች ጎማ ስለሆነ ብዙዎች እንደ ልጆች መጫወቻ ያዩታል። የኋላ ሞዞው፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበት የመሃል ክፍል፣ ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ከባድ ነው። ከደረጃ ተዘልሎ ሲወረድ የነጂው ክብደት በአንድ ቅጽበት ይጫነዋል፤ በፔግ፣ ማለትም በዘንጉ ጫፍ በሚታሰረው ቧንቧ፣ በብረት ወይም በሲሚንቶ ዳር ላይ ሲንሸራተቱ ደግሞ የሞዞው ጎን ከዳሩ ጋር ይፋተጋል። ስለዚህ ሞዞ ስመርጥ የምመለከተው ቀለሙንና የመንኮሻኮሽ ድምፁን ሳይሆን ዘንጉን፣ ኩሽኔታውንና የጎን መከላከያውን ነው።

ዘንጉ ይህን ሁሉ ወር ችሏል። ለኋላ ጎማ የተለመደው ባለ 14 ሚሊ ሜትር ብረት ነው። ባለፈው ሳምንት ፈትቼ በመስታወት ላይ ሳንከባልለው ቀጥ ብሎ ሄደ። ዳዶዎቹ የሚታሰሩበት ጥርስም አልተበላም። ሠላሳ ስድስቱን ራጂዎች (ሞዞውን ከጎማው ክብ ጋር የሚያገናኙትን ቀጫጭን ሽቦዎች) የያዘው የአሉሚኒየም አካልም አንዲት ስንጥቅ የለበትም፤ የራጂ ቀዳዳዎቹን ዙሪያ አንድ በአንድ በባትሪ አይቻለሁ።

ቅር ያሰኘኝ ካቴናውን የሚቀበለው ባለ 9 ጥርስ ክፍል ነው። ጥርሱና የዚህ ክፍል ግንድ አንድ ወጥ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ በዚህ በኩል ነቀፋ የለኝም። ቀደም ባለው ዘመን ከፊት 44፣ ከኋላ 16 ጥርስ ይገጠም ነበር። ዛሬ ከፊት 25፣ ከኋላ 9 መጠቀም ከሞላ ጎደል ያንኑ ፍጥነት ይሰጣል፤ የፊቱ ጥርስም ስለሚያንስ ከሲሚንቶ ጋር በቀላሉ አይጋጭም። ነገር ግን 9 ጥርስ የሚበቅልበት ክብ ጠባብ ነው፤ ወፍራሙ ዘንግ ደግሞ በመካከሉ ያልፋል። ለኩሽኔታው የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ስለሆነ ኳሶቹ ትንንሽ፣ ግድግዳው ቀጭን ይሆናል። የኔም መጀመሪያ የላላው እዚሁ ነው። ጎማውን ይዤ ጥርሱን በጣቴ ስነቀንቀው ቀጭን ውልቅልቅታ ይሰማኛል፤ የአካሉ ትልልቅ ኩሽኔታዎች ግን እንደ አዲስ ይዞራሉ። አምራቹ ይህን ክፍል ለብቻው ቢሸጥ ኖሮ ቅሬታዬ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

በውስጡ ያሉት በሞላ የሚገፉ አራት ምላሶች፣ ማለትም ፔዳል ሲረገጥ ይህን ክፍል ከሞዞው አካል ጋር የሚያያይዙት፣ ጤነኞች ናቸው። ጫፋቸው አልተሸራረፈም፤ ፔዳል ስረግጥም አንድ ጊዜ እንኳ አልከዱኝም። እዚህ ወፍራም ግራሶ መቀባት አይገባም፤ ምላሶቹ ተጣብቀው በጊዜ ሳይነሱ ይቀሩና ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ድንገት ያመልጣል። ስስ ቅባት በስሱ ማድረግ ይበቃል።

የጎን መከላከያው ፕላስቲክ ነው። በሲሚንቶ ላይ ከብረቱ ይልቅ ለስልሶ ይንሸራተታል፤ ዋጋውን የሚከፍለው በማለቅ ነው። በካቴናው በኩል ያለው ዳሩ ተፍቆ የራጂዎቹ ራስ ሊታይ ተቃርቧል፤ ከዚያ በላይ ካቆየሁት የሚቆረጠው ራጂ ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል የብረት መከላከያ ላስገባ ነው፤ ክብደት ይጨምራል፣ ይጨምር። በቀኝ ጎናቸው ብቻ ለሚንሸራተቱ ነጂዎች ግን ካቴናውን ወደ ግራ ማዞር የሚያስችል ሞዞ ይሻላል፤ ጥርሱም ካቴናውም ከሲሚንቶው ይርቃሉ። የኔ ይህን አይፈቅድም።

ፔዳል ሳያዞሩ ወደ ኋላ መንከባለል ለሚፈልግ ሰውም ይህ ሞዞ አይሆነውም። ለዚያ የሚያስፈልገው ፍሪኮስተር ነው። እኔ ግን ፔዳሉን ስረግጥ ወዲያው የሚይዝልኝን እመርጣለሁ። ያችን የላላች ኩሽኔታ ለውጬ በዚሁ እቀጥላለሁ።