ለአሮጌ ቮልስ ዋየሪንግ ዲያግራም ባሕር ዳር ላይ፦ የቱ ይሻላል?

ፍርዴን ላስቀድም። አሮጌ ቮልስ ካላችሁና መብራቷን በራሳችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ፣ ከአዲስ ሽቦም ከውድ ቴስተርም በፊት ገንዘብ የሚገባው ለአንድ ወረቀት ነው። የመኪናችሁን ሞዴል ዓመት ዋየሪንግ ዲያግራም (የትኛው ሽቦ ከየትኛው ዕቃ ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳይ ሥዕል)፣ በኤ3፣ በከለር፣ ላሚኔት የተደረገ። እዚሁ ባሕር ዳር ኮፒ ቤት ይሠራል። ለኤሌክትሪሺያን አንዴ ከሚከፈለው በብዙ ያንሳል። ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ግማሿን ለምን እንደያዝኩ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ለምን ወረቀት? አሁን በየመንገዱ የምናያቸው ቮልሶች አብዛኞቹ ከሃምሳ ዓመት ወዲህና ወዲያ ናቸው። ብዙ እጅ አልፎባቸዋል። አንዱ ክላክስ ሲጠፋበት አዲስ ሽቦ ይስባል፣ ሌላው ቴፕ ያስገባል፣ ሦስተኛው ፓውዛ ይጨምርና ከየት እንደቀጠለው ምልክት ሳይተው በናስትሮ ጠቅልሎት ይሄዳል። የእኔዋን የፊት ኮፈን ከፍታችሁ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ካርቶን ብታነሱ፣ ከፊውዝ ቦክሱ ቀይ ሆኖ የወጣ ሽቦ መሀል ላይ ሰማያዊ ሆኖ፣ ከዚያ ደግሞ የቤት መብራት ነጭ ሽቦ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ባለ መኪና ላይ «ቀዩን ከቀዩ ጋር አገናኝ» የሚል ምክር ምንም አይሠራም።

መጀመሪያ ስልኩን እንይ። የቮልስ ዲያግራም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ሞልቷል። መኪናዋ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ስትመረት ቆይታ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች ናት፤ የሚወዷት ሰዎችም በየዓለሙ ስላሉ የፋብሪካውን ሥዕል በየዓመቱ ለይተው አስቀምጠዋል። ችግሩ ብዛቱ ነው። የ6 ቮልት አለ፣ የ12 ቮልት አለ። ባትሪ የሚሞላላት ዲናሞ የሆነ አለ፣ ኦልተርኔተር የሆነ አለ። ፊውዝ ቦክሷ እንደ ዘመኑ 8፣ 10 ወይም 12 ፊውዝ ይይዛል። የሌላ ዓመት ሥዕል ይዞ ፊውዝ መቁጠር ከመጀመር ምንም ሳይዙ መጀመር ይሻላል።

ስለዚህ ከማውረዳችሁ በፊት የኋላ ወንበሩን አንሱ። የሻንሲ ቁጥሩ መሀል ለመሀል በሚያልፈው ጉብታ ብረት ላይ ተመትቷል። አቧራውን በጨርቅ ጥረጉና አንብቡት። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 118 ብሎ ከጀመረ የ1968፣ 119 ከሆነ የ1969 ሞዴል ነው። ከ1970 ጀምሮ አንድ አሃዝ ተጨምሮ 1102 የ1970፣ 1112 የ1971፣ 1122 የ1972 ይሆናል፤ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ሊብሬ ላይ ያለውን ዓመት ብቻ አትመኑ፣ የእኔ ከሻንሲው ጋር አልገጠመም። ፋብሪካው አዲሱን ሞዴል የሚጀምረው ከቀደመው ዓመት ኦገስት ስለሆነ የአንድ ዓመት ልዩነት በቀላሉ ይመጣል። 12 ቮልቱ ደግሞ በሁሉም ላይ በአንድ ቀን አልገባም፣ ብዙዎቹ ላይ ከ1967 ሞዴል ወዲህ ነው፣ እንደየሞዴሉና እንደተሸጠችበት አገር ይለያያል። ዲናሞውና አምፖሉ ላይ የተጻፈውን ቮልት አብራችሁ እዩ።

ፋይሉን ካገኛችሁ በኋላ በስልክ እሠራለሁ ብትሉ ግን አይመቻችሁም። አንድ ሽቦ በጣት እየተከተላችሁ ስክሪኑን ስትገፉት ሽቦው ይጠፋባችኋል። እጃችሁ ግራሶ ነው። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ደግሞ ስክሪኑን ጭራሽ አያሳይም። ስልክ ለመፈለግ ጥሩ ነው፣ ለመሥራት አይሆንም።

ወደ ኮፒ ቤቶቹ እንምጣ። ፔዳ ግቢ አካባቢ ኮፒ ቤት ሞልቷል፣ ተማሪ ባለበት ወረቀት አይጠፋም። ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። አንደኛው ቤት ፋይሉን አጉልቶ እንኳን ሳያይ «ይነበባል» ብሎ በኤ4 በጥቁርና ነጭ አትሞ ሰጠኝ። ቁጥሮቹ የዝንብ ኩስ መስለው ወጡ። ድጋሚ ይታተምልኝ ብል ሌላ ክፈል ተባልኩ። ደንበኛ እንዲህ አይያዝም።

ሁለተኛው ቤት የምትሠራው ልጅ በጣም ነው ያስደሰተችኝ። ፋይሉን ከፈተች፣ ያለ የሌለውን ትንሽ ቁጥር ፈልጋ አጉልታ «ይቺ 56 ናት 58?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሥዕሉን በሙሉ ከማተሟ በፊት አንዱን ጥግ ብቻ አትማ አሳየችኝ። ስናየው አሁንም ጠበበ። ለሁለት ከፍላ በሁለት ኤ3 አወጣችው፣ መሀሉን እኩል አጋጥማ በስኮች ለጠፈችው። አንድም መስመር አልተቆረጠም። ስለ መኪና ሽቦ የምታውቀው ነገር የለም፣ ሥራዋን ግን ታውቃለች። ቅሬታ ካለኝ፣ መብራት ሲሄድ ጀኔሬተር የላቸውም፣ የኤ3 ላሚኔት ማሽኑም አንዳንዴ አይሠራም። ሳትሄዱ በፊት ደውሉ።

አሁን ወረቀቱ ራሱ። የኋለኞቹ ዓመታት ሥዕል ከታች ዳር ላይ በተርታ ቁጥር አለው። እሱ የመስመር ቁጥር ነው። አንድ ሽቦ ድንገት ተቋርጦ ትንሽ ሳጥን ውስጥ 34 ተብሎ ከተጻፈ፣ ቀጣዩን 34ኛው መስመር ላይ ፈልጉት። ከከለሩ ጎን ያለው 0.5፣ 1.5፣ 2.5 የሽቦው ውፍረት ነው፣ በካሬ ሚሊሜትር። ሽቦ ስትገዙ በእሱ ግዙ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በየዕቃው እግር (ሽቦ የሚሰካበት ጫፍ) ላይ ያለው ቁጥር ነው። ይሄን ያሳዩኝ ዓባይ ማዶ ባለ ጋራዥ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ሽቦ መጀመሪያ ምን ከለር ነበር?» ስላቸው፣ «ከለሩን ተወው የኔ ልጅ፣ እግሩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብልኝ» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰማኋቸው የመኪና ምክሮች ይሄን የሚያክል የለም።

ጀርመኖች ዲን 72552 የሚባል ደረጃ አላቸው፣ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሥራ አለው። 30 ማለት ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ቁልፍ ቢዘጋም ያለ ፖዘቲቭ ነው። 15 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚመጣው ነው። 31 ኔጋቲቭ። 50 ወደ ሞተሪኖ (ሞተር አስነሺው) የሚሄደው ትእዛዝ። 49 ወደ ፍሬቻ ፍላሸር ይገባል፣ 49ኤ ይወጣል። 54 የፍሬን መብራት፣ 56ኤ ረጅም መብራት፣ 56ቢ አጭር፣ 58 ፓርኪንግ። ቦቢና (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሠራው) ላይ 15 እና 1 አለ፣ 1 ወደ ፑንቲናው (የቦቢናውን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋው) የሚሄደው ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አለመሆኑ ነው፤ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ) ላይ፣ ፍላሸሩ ላይ፣ ቁልፉ ጀርባ ላይ ተመትቷል። ሽቦውን ማንም ይለውጠው፣ ዕቃው ላይ የተመታውን ቁጥር ግን ማንም አልፋቀውም።

ከለሩም ጨርሶ አይጣልም። ፋብሪካው የዘረጋው ሽቦ ካልተነካ ቡኒ ኔጋቲቭ ነው፣ ጥቁር ላይ ነጭ መስመር የግራ ፍሬቻ፣ ጥቁር ላይ አረንጓዴ የቀኝ፣ ጥቁር ላይ ቀይ የፍሬን መብራት። ሥዕሉ ላይ ከለሩ በጀርመንኛ ስለሚያጥር ግን ተጠንቀቁ። «ጂ አር» ግራጫ ነው፣ አረንጓዴው «ጂ ኤን» ነው።

በሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚጠቅም ላሳያችሁ። የእኔዋ ፍሬን ስትረገጥ የኋላ ቀኙ መብራት ደብዘዝ ይልና ፍሬቻውም አብሮ ጭል ጭል ይል ነበር። ብዙ ሰው ፍላሸር ቀይር፣ ሽቦው ተነካክቷል፣ አዲስ እንዘርጋ ይላችኋል። ሥዕሉ ላይ ስታዩት 54 በራሱ ሽቦ ይመጣል፣ ፍሬቻው በራሱ፣ 58 በራሱ። መውጫቸው ግን አንድ ነው፣ 31። መውጫው ሲዘጋ መብራቱ በጎረቤቱ አምፖል በኩል መመለሻ ይፈልጋል፣ ለዚህ ነው ፍሬቻው ሳይጠራ የሚበራው። ስለዚህ ሽቦውን ትቼ የመብራቱን ፕላስቲክ ፈታሁ። የአምፖል መያዣው ቦዲው ላይ የሚያርፍበት ብረት አረንጓዴ ዱቄት ይዟል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ብሎኑን አጠበቅሁት። ፍሬን ሲረገጥ ቦግ አለ። አንድ ሜትር ሽቦ አልገዛሁም።

ሌላው ከረጅም መንገድ መልስ የሚመጣው ነው። ከዘጌ ተመልሳችሁ፣ ሞተሩ ግሎ፣ አጥፍታችሁ ልታስነሱ ስትሉ ቀጭ ብሎ ዝም። ስትቀዘቅዝ ትነሳለች። ብዙ የቮልስ ባለቤት ሞተሪኖውን አውርዶ ያስጠግናል። ዲያግራሙን አንሱና 50ን ተከተሉት። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ ሞተሪኖውም ከኋላ። ኤሌክትሪኩ ግን ከኋላ ተነስቶ ፊት እስካለው ቁልፍ ይሄዳል፣ ቁልፉ ውስጥ ያልፋል፣ እንደገና መኪናዋን አቋርጦ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሽቦው አርጅቶ፣ ቁልፉ በልቶ፣ ሙቀት ሲጨመርበት ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው ማግኔት ማብሪያ) ጋ የሚደርሰው አቅም ያጥራል። መጀመሪያ ለኩ። ሰው ቁልፍ ሲያዞርላችሁ 50 ላይ ያለው ቮልት ባትሪው ላይ ካለው በብዙ ካነሰ ችግሩ መንገዱ ነው። መድኃኒቱ ሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌ ነው፤ የቁልፉ 50 ወደ ሪሌው እግር 86፣ የሪሌው 85 ወደ ኔጋቲቭ፣ 30 ከባትሪ በፊውዝ፣ 87 ወደ ሶሌኖይዱ 50። ቮልቱ ካልወረደና አሁንም ዝም ካለች ያኔ ሞተሪኖው ይውረድ።

ግማሽ ኮከቡን የያዝኩት ለዚህ ነው። ዲያግራሙ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ይነግራችኋል፣ መኪናዋ ላይ የት ቦታ እንዳለ ግን አይነግርም። ከፋብሪካ በኋላ የተጨመረውንም አያውቅም። የእኔ መላ ላሚኔቱ ላይ በሚጠፋ ማርከር መጻፍ ነው፣ «ይሄ ከወንበር ሥር»፣ «ይሄ የተቆረጠ»፣ «ይሄ የቴፕ ነው»። አሁን ወረቀቱ የቮልስ በሙሉ ሳይሆን የእኔዋ መኪና ሆኗል።

የጥገና መጽሐፍ ኮፒ ካገኛችሁ ለሞተርና ለፍሬን ውሰዱት። ለመብራት ግን የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ቀጭኑ መስመር ይጠፋል። ሦስት ኮከብ።

ኤሌክትሪሺያኖቹስ? ወረቀት ይዞ የመጣ ደንበኛ ሲያዩ የሚከፋቸው አሉ፣ የተፈተኑ ይመስላቸዋል። ዓባይ ማዶ ያሉት ጋሼ ግን ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡት። ለሚያስረዱበት ጊዜ ክፈሉ፣ «ሽቦ ስላልነካ» ብላችሁ በነፃ አትጠብቁ። እውቀት ሥራ ነው። ለእሳቸው አምስት ኮከብ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፣ ሁልጊዜ። ባትሪው ላይ ክዳን ከሌለ ደግሞ ዛሬውኑ አድርጉለት፤ የኋላ ወንበሩ የብረት ሞላ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ሊነካ ይችላል፣ በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። ሁለተኛ፣ ጣና ዳር ለሚያድር መኪና ክረምት ከባድ ነው። የድሮዎቹ የሸክላ ፊውዞች (ነጩ 8 አምፒር፣ ቀዩ 16) ሳይቃጠሉም ጫፋቸው ሻግቶ መብራት ያቋርጣሉ። ሽቦ ከመፈለጋችሁ በፊት በጣት አሽከርክሯቸው፣ መያዣውንም አጽዱ።

ዲኤክስ፣ ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር ያላችሁ ይሄን የጀርመን ቁጥር አትጠቀሙ። ቶዮታ በፊደል ነው የሚሄደው፣ ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ ኔጋቲቩ ነው፣ በብዙ አሮጌ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ላይ ደግሞ የፊት መብራቱ የሚበራው በኔጋቲቭ በኩል ነው። የራሱን ዲያግራም አውርዱ፣ ኮፒ ቤቱ ያው ነው። ፋይሉን በፍላሽ ውሰዱላት። በቴሌግራም ከላካችሁም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ በፎቶ ከሄደ ተጨምቆ ቁጥሩ አይነበብም።