የእማማን የብር ማንኪያዎች በእውነት ላነበቡልኝ አባት ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ላላችሁ ሁሉ ነው። በተለይ እንደ እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው ለምትንከባከቡ እህቶቼ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አሮጌ የብር ዕቃ የሚጠግኑና ዕቃው ላይ የተመታውን ማህተም የሚያነቡ አንድ አዛውንት አሉ። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ!

ለዓመታት ያስታመምኳቸው አሜሪካዊት እናት ሲያርፉ፣ ልጃቸው አንድ የእንጨት ሳጥን ሰጠችኝ። እኔ እማማ ነበር የምላቸው። ሳጥኑ ውስጥ ከእናታቸው የወረሷቸው ማንኪያዎችና ሹካዎች አሉ። ደህና ሳሉ በዓል በመጣ ቁጥር አብረን ቁጭ ብለን እንወለውላቸው ነበር። የመሸጥ ሐሳብ አልነበረኝም። ምን እንደሆኑ ማወቅ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

መጀመሪያ የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። ግን አንጀቴ አሯል። አንዱ ሳጥኑን ከፈት አድርጎ «ሁሉም ቅብ ነው፣ ብሩ ከላይ ብቻ ነው» አለኝና ለታክሲ የማይበቃ ገንዘብ ሊሰጠኝ ፈለገ። ቅብ ከሆነ ለምን ሊገዛው ቸኮለ? ሌላው ማንኪያው ላይ የተመታውን አንበሳና መልህቅ አየና «እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም የተሠራ ነው» ብሎ፣ ወረቀት ልጻፍልሽ፣ ክፍያውን አስቀድሚ አለኝ። እጀታው ላይ የተቀረጹትን የስም ፊደሎች ደግሞ «እናጥፋቸው፣ ዋጋ ይቀንሳሉ» አለኝ። የባሰው ግን ሦስተኛው ነው። ሳይጠይቀኝ ሞረድ አንስቶ የአንዷን ማንኪያ ጠርዝ ፋቀው። ዓይኔ እያየ! አልቅሼ ነው የወጣሁት።

ወደ እኚህ አባት የላከችኝ የቤተ ክርስቲያን እህቴ ናት። ሲያዩኝ ወንበር ሳቡልኝ። ከዚያ ማጉያ መነጽራቸውን ለእኔ ሰጡኝና «አንቺው እዪው» አሉኝ። ከማንኪያው እጀታ ጀርባ ሦስት ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ አንበሳ፣ መልህቅ፣ ጂ ፊደል። እንግሊዞች ከ1544 ጀምሮ ተመርምሮ ያለፈ ብር ላይ አንበሳ ይመታሉ፣ መልህቅ ደግሞ የበርሚንግሃም መርማሪ ቢሮ ምልክት ነው አሉኝ። «ይሄኛው ግን የእንግሊዝ አይደለም። ጎርሃም ነው፤ የእኛው አገር፣ የአሜሪካ ሥራ።» በ1831 ሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ ውስጥ የተጀመረ የብር ዕቃ ሠሪ ድርጅት ነው። መልህቁም የሮድ አይላንድ ምልክት ነው። አሜሪካ እንደ እንግሊዝ ያለ አገር አቀፍ መርማሪ ስላልነበራት፣ ብዙ አንጥረኞች የእንግሊዙን የሚመስል ማህተም ይመቱ ነበር። ገዢ እንዲያምናቸው።

ስተርሊንግ የሚል ያለባቸውንና የሌለባቸውን ለዩልኝ። ጎርሃም ወደ ስተርሊንግ የዞረው በ1868 ነው፤ ከሺህ እጅ 925ቱ ብር ማለት ነው። ከዚያ በፊት የሠራው ከሺህ 900 ያህል ብር ያለው ነበር። የእማማ ማንኪያዎች ከሁለቱም አሉባቸው። ሹካዎቹ ግን ቅብ ናቸው። ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉ ፊደሎች (ብር የተቀባ የኒኬል ቅይጥ ማለት ነው) እያንዳንዳቸው በትንሽ ጋሻ ውስጥ ተመትተዋል፤ ከሩቅ ላየው እውነተኛ ማህተም ይመስላል። ሳያለባብሱ ነገሩኝ፤ «በእነዚህ በየቀኑ ብዪባቸው» አሉኝ። ቢዋሹኝ ኖሮ በምን አውቅ ነበር? ሌላም ብዙ አስረዱኝ፤ እሱን ለባለሙያው እተወዋለሁ።

እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ግን ይሄ ነው። የተፋቀችውን ማንኪያ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ምንም አላሉም። ሳልጠይቃቸው ወደ ጠረጴዛቸው ዞረው በአንዲት ለስላሳ ብረት ጠርዙን ቀስ እያደረጉ አሹት፣ አሹት፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ ከዚያ በአውራ ጣቴ እንድዳስሰው ሰጡኝ። አይሻክርም። የተቀረጹትን ፊደሎች ደግሞ የማን እንደሆኑ ጠየቁኝ። የእማማ እናት ናቸው አልኳቸው። «እንግዲያው ማንም እንዲያጠፋቸው አትፍቀጂ» አሉኝ። ለጥገናዋ አንድ ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

ስነሳ አንገቴ ላይ ያለውን የአያቴን መስቀል አዩና ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ የተሠራ መሆኑን ጠየቁኝ። አዎ፣ አያቴ እንደዚያ ነበር የሚሉት። ጠገራው ከ1780 በኋላ በየትኛውም ዓመት ቢመታ ላዩ ላይ 1780 እንደሚል፣ ከሺህ 833 እጁ ብር እንደሆነ ያውቃሉ። የእኛን ነገር እንዲህ አክብሮ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ምን ያህል ደስ እንደሚል!

እባካችሁ ወገኖቼ፣ የወረሳችሁት ወይም በስጦታ ያገኛችሁት የብር ዕቃ ካለ ለማንም ከመሸጣችሁ በፊት ለእኚህ አባት አሳዩ። ሽጡልኝ አይሉም። ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ይሰጧችኋል፤ የሚጠይቁትም ትንሽ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ መለጠፍ አልፈልግም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ሳትደውሉ አትሂዱ፣ አንድ ሰው ይዘው ከተቀመጡ አይቸኩሉም። ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አትወልውሉት፤ ጥቁረቱ እንዳለ ይምጣ ብለዋል፣ ማህተሙን ለማንበብ ይረዳቸዋል።