ለታሰረ ሰው ስንቅ የትኛው ምሳ ዕቃ ይሻላል?

ሰው ሲታሰር ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያነሳው ከጓዳ የቀረበውን ዕቃ ነው። ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በፍተሻ የማያልፍ ይሆናል፤ የመስታወት ሳህን፣ ባለ ብረት እጀታ ምሳ ዕቃ፣ ፔርሙዝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ ከጠየቀ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ቀጠሮ እስከ 14 ቀን ሊፈቀድለት ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በተገኘው ዕቃ መወጣት አያቅትም። ቀጠሮ ከተሰጠ በኋላ ግን በየቀኑ የሚመላለስ ዕቃ መግዛት ግድ ነው።

ዕቃዎቹን የመዘንነው በሦስት ነገር ነው። በሩ ላይ ያስገቡታል ወይ? የማያውቀው ሰው ከፍቶ ሲዘጋው ያፈሳል ወይ? ቢጠፋስ ቤተሰቡን ይጎዳል ወይ?

ተደራራቢው የብረት ምሳ ዕቃ ለቢሮ ሠራተኛ ጥሩ ነው፤ ለእስረኛ ግን አንመክረውም። ብረት በመሆኑ ብዙ በር ላይ ይመለሳል። ቢያልፍም ውስጡ ስለማይታይ ፈታሹ እያንዳንዱን ሳህን ይፈታል፤ መልሶ ሲደረድረው ደግሞ መቆለፊያው ስለማይገጥም ወጡ ከላይኛው ወደ ታችኛው ይወርዳል። ውድ ስለሆነም ሲጠፋ ያንገበግባል። ፔርሙዝ ውስጡ ብርጭቆ ነውና አትድከሙበት።

ምግብ ቤቶች «ቴክ አዌይ» የሚያደርጉበት ስስ ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ ባይመለስም አይቆጭም። ችግሩ ሙቀት አለመቻሉ ነው። ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የታተመውን ቁጥር እዩ። 1 ቁጥር ትኩስ ወጥ ሲገባበት ይጣመማል፤ 6 ቁጥርም ለትኩስና ለቅባታም ምግብ አይሆንም፣ ክዳኑም ቶሎ ይሰነጠቃል። ሙቀት የሚችለው 5 ቁጥር ነው። የመርካቶ ነጋዴ ሁሉንም «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል፤ እናንተ ገልብጡና ቁጥሩን አንብቡ።

በአራት ጎኑ የሚቆለፈው፣ ክዳኑ ላይ ጎማ ያለው ዕቃ በመንገድ አያፈስም። ሆኖም ማጠፊያዎቹ በየቀኑ ሲከፈቱ ሲዘጉ ይሰበራሉ፣ በፍተሻ ጥድፊያ ሁለቱ ጎን ብቻ ተቆልፎ መግባቱም የተለመደ ነው። ጎማውን በየጊዜው አውጥታችሁ ካላጠባችሁት ቅባት ይዞ ይሸታል፣ ይሻግታል።

የእኛ ምርጫ አፉ ሰፊ፣ በመጠምዘዝ የሚዘጋ፣ ውስጡ የሚታይ 5 ቁጥር ፕላስቲክ ነው። ማንም ቢከፍተው በአንድ እጅ ይዘጋል። አንድ ሊትር የሚይዘው ለአንድ ሰው የምሳና የእራት ወጥ ይበቃል። ነገር ግን እስር ቤት ብቻውን የሚበላ የለም። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ጠያቂ የሌለው ሰው አጠገቡ ይኖራል፣ ማዕዱም የጋራ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሊትሩን ግዙ። እንጀራው በሌላ ዕቃ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ለብቻው ይሂድ። ዕቃው ሁለት ጥንድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲገባ የትናንቱ ይወጣል። ባዶው በዕለቱ በማይመለስበት ቦታ ሦስት ጥንድ አድርጉት።

ዕቃው ጥሩ ቢሆንም አሞላሉ ያበላሸዋል። ወጥ ከምድጃ እንደወረደ ከተከደነ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይመለሳል፣ ሽሮውም እስኪደርስ ይኮመጥጣል። ጠዋት ስንቅ አስረክቦ ከሰዓት የሚደርስበት ቦታ ብዙ ነው፤ ሞቅ ያለ ምግብ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ተዘግቶ ሲቆይ ለጀርም ይመቻል። ስለዚህ በሰፊ ትሪ ዘርግታችሁ አብርዱት፣ ከዚያ ሙሉት፣ ከአፉ ሁለት ጣት አጉድሉ። ሩዝና ፓስታ በሙቀት ቶሎ ይበላሻሉ፤ ረጅም ወረፋ ባለበት ቀን ተዉአቸው።

ፈታሽ ወጡን በማንኪያ ያማስላል፣ እንጀራውን ይተረትራል፣ ዳቦውን ይቆርሳል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ንዴት ይቀንሳል። ሥጋውን ከአጥንት ለዩና በትንሽ በትንሹ ክተፉት፣ ዳቦውን ቆርጣችሁ ላኩ፣ እንጀራውን ከመጠቅለል ይልቅ እጠፉት። ብዙ ጣቢያ ላይ ስንቅ ያመጣው ሰው ቀምሶ እንዲያሳይ ይደረጋል። እናት ጾመኛ ከሆኑ የፍስክ ምግብ አስይዛችሁ አትላኳቸው፤ በረመዳንም ቀን ላይ ሊቀምስ የማይችል ሰው አትመድቡ። ይህን ባለማሰብ ምግቡ ከነዕቃው ተመልሶ የሚያድርበት ቤት አለ፣ ያሳዝናል። ሥጋ ስትልኩም አብረውት የሚበሉት ክርስቲያንም ሙስሊምም ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቡ። ምስርና ሽሮ ሁሉንም ያበላል።

ወጥ ውስጥ ሲም ካርድ፣ ገንዘብ ወይም ወረቀት ደብቆ መላክ በፍጹም አይሞከር። ቢገኝ የሚቀጣው እስረኛው ነው፣ ለቤተሰቡም መግቢያው ይዘጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 እስረኛ በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በወዳጁ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት ይሰጠዋል። ይህን መብት በአንድ ሲም ካርድ ማስያዝ የለባችሁም።

ስም አጻጻፍ ላይ ብዙ ዕቃ ይጠፋል። ማርከር በቅባትና በሳሙና ቶሎ ይለቃል። የእስረኛውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ጽፋችሁ በግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት፤ ከሥሩ ደግሞ በጋለ ምስማር ጫሩት። በክዳኑም ላይ ይጻፍ፤ ከዕቃው ይልቅ የሚቀያየረው ክዳኑ ነው። በ2017 የወጣው አዋጅ ፌስታልን ስለከለከለ መያዣውን የጨርቅ ከረጢት አድርጉና ስሙን በክር ጥለፉበት።

ዝዋይ ወይም ሸዋ ሮቢት ለተላከ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሸዋ ሮቢት ከ200 ይበልጣል፤ በየቀኑ መሄድ አይታሰብም። እዚያ ወጥ ሳይሆን በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ቋንጣ ነው የሚያዋጣው። ዕቃውም ከ3 እስከ 5 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ባልዲ ይሁን፤ እርጥበትና አይጥ እንዳይገባበት። ድርቆሹ ጨርሶ ሳይደርቅ ከተከደነ ይሻግታል፤ እጅ ላይ ኩሽ ብሎ እስኪሰበር አድርቁት። ዱቄት የማያስገባ በር ስላለ በሶ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ቀድሞ የሄደ ጠያቂ ጠይቁ።

ስንቁ የአንድ ሰው ሸክም ሲሆን ቤተሰብ ይዝላል። ቀኖቹን ለእህት፣ ለወንድም፣ ለጎረቤት በተራ አከፋፍሉና ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ዕቃውንም አድራሹ ሳይሆን የሚቀጥለው ተረኛ ይጠብ፣ እጁ ላይ ስለሚያድር አይረሳም። በር ላይ «እዚህ የለም» ከተባላችሁ ስንቁን ይዛችሁ አትመለሱ፤ ወዴት እንደተዛወረ ተረኛውን መኮንን ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትን ቀንና ሰዓት ጻፉና ለጠበቃው ንገሩ።

ስትገዙ ሁሉንም አንድ ዓይነትና አንድ መጠን አድርጉ፤ የአንዱ ክዳን ሲጠፋ የሌላው ይገጥማል። ክዳን ለብቻው የሚሸጥ ሱቅ ካገኛችሁም ሁለት ትርፍ ያዙ።